ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ሞጣ ድረስ

ከቢቸና ሞጣ መሄድን ጉዞ ብዬ ስጽፍ የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። ሹፌር ብትጠይቁት የግማሽ ቀን መንገድ ነው ይላችኋል። እኔ ስሄድ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሹፌር የሚያውቀው የራሱን ነው። የምጽፈው ሞጣን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማታዩ ሰዎች ነው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ነው፤ ጠማማ ፊደል ብታገኙ በዓይናችሁ አቃንታችሁ እለፉ።

ለምን እንደሄድኩ ቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «ሽማግሌው ምን ሊሠራ ዞረ» እንዳትሉ። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አለችኝ፣ ከኔው ጋር ነው የምትኖረው። ጥሩወርቅ ደግሞ የሺ የምትባል ልጅ ነበረቻት። የሺ በአራት ዓመቷ ስፔን አገር ላሉ ሰዎች በጉዲፈቻ ተሰጠች። ሰጪው እኔ ነኝ። የጥሩወርቅ ባል ሞቶ፣ እሷም ታማ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ ሰዎች መጡ። አስተርጓሚ ወረቀት አነበበልኝ። «በየዓመቱ እየመጣች ትጠይቃችኋለች» አለኝ። ያኔ ፊደል አላውቅም፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ጥሩወርቅ ድና ስትመለስ ልጅ የለችም። ፊደል የተማርኩትም ከዚያ ወዲያ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው።

ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በዚህ በጥር ወር የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልግ አንድ ሰው ገበያ መሃል አገኘኝና ከየሺ የመጣ፣ ወደ አማርኛ የተገለበጠ ደብዳቤ ሰጠኝ፤ ስልክ ቁጥሬንም ለሷ ሊልክ ጽፎ ወሰደ። በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ወረቀቴ ላይ እናቴ እንደተወችኝ ተጽፏል» ይላል። «አያቴን ላናግር እፈልጋለሁ። የሚመጣው እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ። ከተወችኝ እናቴ ጋር ግን የምነጋገረው የለኝም።»

ደብዳቤውን አጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩ። ለጥሩወርቅ አላሳየኋትም። ያልሠራችውን በልጇ አፍ ስትከሰስ እንዴት ላሳያት? እሑድ ስልኩ ሲደወል «እናትሽ አልተወችሽም፤ እኔ ነኝ» ማለት አለብኝ። በአስተርጓሚ አይደለም። አስተርጓሚን አውቀዋለሁ፣ ማር ይቀባዋል። በራሴ አፍ፣ በሷ ቋንቋ።

እስፓንኛ የሚችል ሰው ደግሞ በዕድሜዬ ያየሁት አንድ ነው፤ እሱም ሞጣ ነው ያለው።

ረቡዕ

ጥሩወርቅን «ሞጣ ተዝካር ተጠርቻለሁ» ብዬ ዋሸኋት። «የማን?» ብትለኝ «አታውቂውም» አልኳት፤ ላልሞተ ሰው ስም ማውጣት ከበደኝ። ቆሎ ቋጠረችልኝ፣ ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝ። ሌላ አልጠየቀችም። እሷ እንዲህ ናት። ስለ የሺም አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ሞልቷል። የሞላ መኪና ግን ለረዳት ሞላ ማለት አይደለም።

«ይግቡ አባት፣ ቦታ አለ!»

«የታለ?»

«ሲሄድ ይገኛል።»

እውነቱን ነው። ከሁለት ጉድጓድ በኋላ ሁላችንም እንደ ጤፍ ጆንያ ወደ ታች ረጋን፣ ቦታ ተገኘ። በቀኜ የመስኮት ብረት፣ በግራዬ አንድ ወፍራም በግ ነጋዴ ነበር። ከሁለቱ ብረቱ ይሻላል፣ አያንኮራፋም።

ደብረ ወርቅ ወርደን ሻይ ጠጣን። የቢቸና ሻይ ሻይ ነው፤ የደብረ ወርቁ የስኳር ወጥ ነው። ከዚያ ተነስተን ግንደ ወይን ሳንደርስ ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ትርፍ ጎማ አወረደ። ትርፉም ተንፍሷል። ሹፌሩ ረዳቱን አየው፣ ረዳቱ ሰማይ አየ።

መንገድ ዳር ገለባ ሲከምር የነበረ ገበሬ መንሹን ተደግፎ ጥቂት ታዘበንና ወደኔ መጣ።

«አያ፣ ይህ መኪና ዛሬ አይነሳም። ቤት ይግቡ።»

«ይነሳል ብሏል ሹፌሩ።»

«ባለፈው ሳምንትም እዚሁ ቆሞ እንደዚሁ ብሏል።»

ሄድኩ። ቢቸና እንግዳ ሲመጣ «ከየት መጣህ» ይባላል። እዚህ ገና ሳይጠይቁኝ ሰውየው እግሬን ይዞ ያጥባል። እግሬን ብጎትት አለቀቀኝም፤ ከኔ የባሰ ግትር አለ ለካ። ሚስቱ ሽሮ አቀረበች። ጾም ስለሆነ ዘይት እንኳ ጠብ አላደረገችበትም፣ ግን እውነት ለመናገር ከበላሁት ሽሮ ሁሉ እሱ ይበልጣል። ይህን ጥሩወርቅ እንዳታነብ።

«ሞጣ ለምን ይሄዳሉ?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«እስፓንኛ ልማር።»

ባልና ሚስት ተያዩ። «ምነው፣ የኛው አልበቃ አለዎት?»

«በኛው ሰባ አራት ዓመት ለፍልፌያለሁ። አንዲት ነገር ግን አልተናገርኩበትም።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። መደባቸውን ለቀው እነሱ ቁርበት አንጥፈው መሬት ተኙ። «መሬት እተኛለሁ» ብል ሰውየው «አያ፣ በሰው ቤት አይታዘዝም» አለኝ። ተሸንፌ ተኛሁ።

ሐሙስ

ሚኒባሱ ጠዋትም እዚያው ነው። ሹፌሩ «አሁን ይነሳል» እያለ ነበር። ባለመደቡ ገበሬ የሚያልፍ አይሱዙ አስቁሞ የጤፍ ጆንያ ላይ አወጣኝ። ጤፍ ላይ ተቀምጦ መሄድ ከሚኒባስ መቶ ጊዜ ይሻላል። ነፋሱ ባርኔጣዬን ወሰደው እንጂ። አንድ ማሳ ላይ አርፎ ሲቀር አየሁት፤ የሹፌሩን ጣሪያ በቡጢ ብደበድብ ጣሪያው እንጂ እሱ አልሰማ።

ሞጣ ገባሁ። ከቢቸና ትሰፋለች፣ ይህን አልክድም። ባጃጁ ከፈጣሪ በቀር የሚፈራው የለም። በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል መስጊድ፣ በመሃል ገበያ፤ ሁሉም በየፊናው ድምፁን ያሰማል። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።

«የት ልውሰድዎት አባቴ?»

«ኩባ።»

«ለኩባ ነዳጄ አይበቃም።»

«ኩባ የሚባለው የከብት ሐኪም ቤት!»

«እንዲያ ይበሉ እንጂ! እኔማ እዚህ ቁጭ ብዬ መንገዱን እያሰብኩ ነበር።»

ኩባ የሚሉት ስሙ ደሳለኝ ነው። በልጅነቱ ኩባ ተልኮ ተምሮ የመጣ፣ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቢቸና ለከብት ክትባት መጥቶ ሳለ በሬዬ እግሩን ቢረግጠው ሰምቼው በማላውቀው ቋንቋ እንዲህ አድርጎ ተሳደበ፤ በሬው ራሱ አፍሮ ወደ ኋላ አለ። «ይህ ምንድን ነው?» ብለው «እስፓንኛ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

በሩን ከፍቶ ትንሽ አፈጠጠብኝ።

«አያ ተገኘ! በሬዎ ዳነ?»

«በሬውማ ከሞተ ስንት ዓመቱ።»

«በኔ መርፌ?»

«በእርጅና።»

«እፎይ። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ደብዳቤውን ሰጠሁት። አነበበው። ሚስቱ ማሪቱ ከጓዳ መጥታ በትከሻው ላይ አነበበችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እኔው እነግርልዎታለሁ» አለኝ ደሳለኝ። «ምን ያስቸግርዎታል?»

«አይሆንም።»

«ለምን? አያምኑኝም?»

«ጥሩ ሰው ስለሆንክ ነው የማልፈልግህ። ጥሩ ሰው ያለሳልሳል። አስተምረኝ፤ እሑድ ዕለት ደግሞ አጠገቤ ሆነህ ትንፍሽ እንዳትል።»

ማሪቱ ሳቀች። «እሱ? ትንፍሽ? ሠላሳ ዓመት ያቃተኝን እርስዎ በሦስት ቀን!»

አልጋ ልከራይ ብል ማሪቱ ጋቢዬን ነጥቃ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሞጣ እንግዳ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ልብሱን ያስሩበታል።

ዓርብ

ጠዋት ደሳለኝ ወረቀት አወጣ። የምፈልገውን በአማርኛ ነገርኩት፣ እሱ በእስፓንኛ አለው፣ እኔ በፊደላችን ጻፍኩት።

ኢሃ ሚአ። ሶይ ቱ አቡዌሎ። ቱ ማድሬ ኖ ቴ ዴሆ። ቱ ማድሬ ኤስታባ ኤንፌርማ። ፉይ ዮ።

ልጄ ሆይ። አያትሽ ነኝ። እናትሽ አልተወችሽም። እናትሽ ታማ ነበር። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ይኸው ነው፤ በቡሃ ላይ ቆረቆር አልጨመርኩበትም።

እኔ አንብቤ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ደሳለኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«እንደ ጥይት ተኮሱት እኮ! ቃሉ መከፈል አለበት፣ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ አንዱ ክፋይ ላይ ጉልበት ይጣላል። እኛን ኩባ ያስተማሩን በጭብጨባ ነው። ማ፣ ድሬ። ሁለት ጭብጨባ።»

«ሦስት ነው። ማ፣ ድ፣ ሬ። ፊደል አልቆጥርም ብለህ ነው?»

«ድ ብቻዋን አትቆምም፣ ሬ ላይ ትታዘላለች።»

«ማን አሳዘላት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቋንቋው ነዋ!»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ማሪቱ ምሳ አቀረበች፣ ስንበላም ተጨቃጨቅን። ከሰዓት በኋላ ጉልበት ወደሚለው ገባን፤ እሱ ላይ ግን እኔ በለጥኩት። ጉልበት የሚለው አልገባኝ ብሎ ቆይቶ፣ ኋላ በአህያ አሰብኩት። ጎልማሳ ሳለሁ ከቢቸና ገበያ እህል በአህያ እጭን ነበር። ጭነት ቦታ አለው። የእስፓንኛ ቃል አብዛኛው ጭነቱን የሚይዘው ከመጨረሻው አንድ ቀደም ብሎ ነው፣ ልክ በአህያው ወገብ ላይ፤ አ-ቡዌ-ሎ፣ ኤስ-ታ-ባ፣ ኤን-ፌር-ማ። ቡዌ፣ ታ፣ ፌር ይሸከማሉ። አንዳንዱ ቃል ግን ጭነቱ ወደ ቂጡ ይንሸራተታል፤ ዴ-ሆ እንዲያ ነው፣ ሆ ላይ ነው የሚወድቀው። አንዳንዱ ደግሞ አንገቱ ላይ ይጫናል፤ ሐኪም ለማለት ሜ-ዲ-ኮ ይላሉ፣ ሜ ላይ። ጭነቱ ከወገብ ሲወጣ ፈረንጆቹ በፊደሉ አናት ላይ ጭረት ያደርጉበታል አለኝ ደሳለኝ፣ አንባቢው እንዳይስት።

«ብልህ ናቸው» አልኩ። «እኛ ጭነት ሲንሸራተት እንሳደባለን እንጂ ምልክት አናደርግም።»

«በአህያ!» አለ ደሳለኝ ራሱን ይዞ። «የኩባ አስተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ!»

«ቢሰሙ ይገባቸው ነበር። አንተን ስድስት ዓመት በጭብጨባ አደከሙህ።»

የማ-ድሬ ነገር ግን አልተፈታም። ማታ ላይ ማሪቱ «እናንተ ሁለት ከምትጋደሉ ነገ የኔታ ዘንድ ሂዱ» አለችን።

ቅዳሜ

የኔታ ከነደሳለኝ ቤት ጀርባ ካለው ቤተ ክርስቲያን ንባብ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው። እስፓንኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ከኛ ነው የሰሙት። ደሳለኝ «ማድሬ» ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፣ «ድገም» አሉት፣ ድጋሚ ሰሙ። ቋንቋው አልገረማቸውም።

«ድ ሳድስ ናት» አሉ። «ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አላት፣ አንዳንዴ የላትም። እዚህ የላትም፣ ስለዚህ ከሬ ጋር ትሄዳለች። ይህ ምን ያጨቃጭቃል?»

ደሳለኝ በድል አየኝ። እኔ ቅጠሉን ዛፉን አየሁ።

«ፉይስ?» አልኳቸው። «ሁለት ፊደል ነው፣ እሱ ግን አንድ ጊዜ ያጨበጭባል። ሚ-አ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያጨበጭባል።»

የኔታ ወረቀቱን አስጠግተው አዩ። «ፉይ ተዋሕዷል፣ አይነጣጠልም። ይህችኛዋ ሚ-አ ግን» አሉና ሳቃቸው መጣ፤ «ይህች ሁለት ባሕርይ ባይ ናት፣ ትከፈላለች። ለእንዲህ ያለችው በኛ ቤት ጉባኤ ይጠራ ነበር።»

በግዕዝ ንባብ ተነሽ አለ፣ ወዳቂ አለ፣ ተጣይ አለ፣ ሰያፍ አለ፤ ድምፅ የት እንደሚያዝና የት እንደሚጣል የሚታወቅበት ነው። «ካንተ አህያ በፊት ነበረ» አሉኝ፣ ደሳለኝ ስለ አህያው ሹክ ብሏቸው ኖሯል። ከያንዳንዱ ቃል በላይ በቀይ ቀለም ነጥብ አኖሩልኝ፣ ከዚያ ወረቀቱን ቀሙኝ።

«ወረቀት ያሰንፋል። በቃል ያዝ።»

ከጠዋት እስከ ቀትር ዛፍ ሥር አስቀምጠው እንደ ዳዊት አስደገሙኝ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ስሳሳት «ከራስ ጀምር!» ይላሉ። ዜማ ገባበት፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ልክ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርድልኝ ጀመር። ደሳለኝ ሲሰማ አፉን ከፈተ። «ጭነቱ ሁሉ በቦታው ነው!» አለ። «እስፓንኛ ሲዜም ግን ዛሬ ገና ሰማሁ።»

ኮርቼ ገባሁ። እራት ላይ ማሪቱ እንጀራ እየጨመረችልኝ «እስቲ ከመሃል ይበሉልኝ፣ 'ታማ ነበር' የሚለውን» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ከኢሃ ሚአ ካልጀመርኩ አይመጣም። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና ምንም።

«ምንም አይደል» አለ ደሳለኝ፤ «ከመጀመሪያው ጀምረው እስከ መጨረሻው ይሉታል፣ አለቀ። መሃል ላይ ማን ያስቆምዎታል?»

እሑድ

ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሦስታችንም ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። በመሃል ቁልፏ የተፋቀ የኔ ስልክ አለች። ደሳለኝ ትንፍሽ እንዳይል የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ አስገብቷል።

ተደወለ።

«አሎ።»

«አቡዌሎ?» አለች አንዲት ሴት።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ጭነቱ ቡዌ ላይ ነው። ቃሏ ልክ እንደተማርኩት በመምጣቱ ትንሽ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ጀመርኩ።

«ኢሃ ሚአ። ሶይ ቱ አቡዌሎ—»

ልጅቷ ጮኸች። ሳቅ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ወሬ ነው፣ ሁሉም በአንድ ላይ፤ እንደ በረዶ ወረደብኝ። እስክትጨርስ ጠብቄ ልቀጥል ብል የሚቀጥለው ጠፋ። ወደ ራስ ተመለስኩ።

«ኢሃ ሚአ። ሶይ ቱ አቡዌሎ። ቱ—»

አሁንም ገባችብኝ። ደስ ብሏታል፣ ይገባኛል፤ ግን ደስ ያላት ገና ያልነገርኳትን ስለማታውቅ ነው። ሦስተኛ ጀመርኩ። ሦስተኛም አቋረጠችኝ። ማሪቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ደሳለኝ እጁን ወደ ስልኩ ሲዘረጋ በቁጣ አየሁትና መለሰው። እንዲህ ሆኖ ቢዘጋ ልጅቷ ደግ አያት እንዳላት አምና፣ እናቷን እንደጠላች ትኖራለች።

«ዝም በይ!» አልኩ።

በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ቤቴ ውስጥ ልጅ እንደምቆጣው። ጭጭ አለች። ቁጣ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ከራስ ጀመርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ በየኔታ ዜማ፣ ሳልቸኩል፣ እያንዳንዱን ጭነት በየቦታው እያደረግሁ ወረድኩ። ኖ ቴ ዴሆ ላይ ስደርስ ትንፋሿ ተሰማኝ። ኤስታባ ኤንፌርማ። ፉይ ዮ።

መስመሩ የተቆረጠ መሰለኝ። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣

«ፖር ኬ?»

ይህን አልተማርኩም። ወደ ደሳለኝ ዞርኩ። ጋቢውን እንደነከሰ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለች?»

ጋቢውን አወጣ። «ትንፍሽ እንዳትል ብለውኛል።»

«አሁን ተንፍስ!»

«'ለምን?' ነው የምትለው።»

ለዚህ ጥያቄ መልስ በሷ ቋንቋ የለኝም። በኔም ቋንቋ ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ መናገር እንጂ መጠየቅ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ግትር ሰው እንዲህ ነው፣ የራሱን ብቻ ያዘጋጃል።

«ንገራት» አልኩት። «ማር ሳትቀባ ግን።»

«ይበሉ።»

«እናትሽ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ በላት። አንቺን የማሳድግበት ጉልበት የለኝም ብዬ ፈራሁ። እናትሽን አልጠየቅኋትም። እሷ ግን አልሞተችም፣ ድና መጣች። ያኔ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ኩራት ያዘኝና 'ለልጅቷ ይበጃታል' አልኩ። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ፊቷ ተቀምጬ የሠራችውን እንጀራ እየበላሁ አንድ ቀን ይቅር በይኝ አላልኳትም። በላት።»

ደሳለኝ አላት። አላለሳለሰም ብዬ አምናለሁ፤ ድምፁ ሁለት ቦታ ላይ ተሰብሯል፣ የሚያለሳልስ ሰው አይሰበርም። ልጅቷ ጠየቀች።

«እናቷ እዚህ አለች ወይ ትላለች።»

«የለችም፣ ቢቸና ናት።»

«መደወሏን እናቷ ታውቃለች ወይ?»

«አታውቅም።»

ሲነግራት ጥቂት ቃላት ተናገረች፣ በእርጋታ፣ ቆርጣ ቆርጣ። ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነገ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ፣ ስልኩን ለእናቴ ስጣት ትላለች። አንተን አይደለም የምፈልገው ብላለች።»

«እንዲህ ብላለች?»

«ማር አትቀባ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሰኞ

ማሪቱ ገና ጎህ ሳይቀድ የተቆለፈበትን ጋቢዬን አወጣችልኝ፣ ዳቦ ጨመረችልኝ፣ የባሏንም ባርኔጣ ከራሱ ላይ አውልቃ ሰጠችኝ። ደሳለኝ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። «ከዘጠኝ በፊት ቢቸና ይደርሳሉ፣ አይጨነቁ» ይለኛል። ስለ ጎማ እያሰብኩ «አዎ» እለዋለሁ።

መኪናው አልቆመም። ሌላ ጊዜ የምጠላውን ጋላቢ ሹፌር ዛሬ መረቅኩት። ግንደ ወይንን አለፍን። ያ ገበሬ ገለባው ላይ ቆሞ ነበር፤ እጄን በመስኮት አወጣሁ፣ አላየኝም። ደብረ ወርቅ ሰዎች ሻይ ሲወርዱ እኔ ሹፌሩን ፊት ለፊቱ ቆሜ እያየሁት ቶሎ ጠጥቶ እንዲነሳ አደረግሁት። መንገዱን ሙሉ ለጥሩወርቅ እንዴት እንደምነግራት አሰብኩ። ለእስፓንኛው ሁለት አስተማሪ ነበረኝ፤ ለአማርኛው ማንም የለኝም።

ስምንት ሰዓት ቤት ደረስኩ። ጥሩወርቅ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ተዝካሩ እንዴት ነበር?»

«ተዝካር የለም፣ ዋሽቼሻለሁ» አልኳት። ቆሜ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ። ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ሞጣ። «ይቅር በይኝ»ም አልኳት። ቃሉ አጭር ነው፤ ለምን አሥራ ስምንት ዓመት እንደፈጀብኝ አላውቅም።

ምስሩን መልቀም አላቆመችም። ድንጋይ አገኘች፣ ወረወረች። ቆይታ «ደብዳቤው የታለ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፣ ከኔ በፍጥነት ታነባለች። ከዚያ ገብታ ፊቷን ታጠበች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ የበዓል ነጠላዋን ለበሰች።

«በስልክ እኮ አታይሽም» አልኳት።

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

ዘጠኝ ሊሆን ሲል ቢጠቅማት ብዬ «ኢሃ ሚአ በያት፣ ልጄ ማለት ነው። ኢ-ሃ፣ ሚ-አ። ጭነቱ ሚ ላይ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

«ልጄን በምን እንደምጠራት አውቃለሁ» አለች።

ስልኩ ጮኸ። ከእጄ ወሰደችው፣ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «የሺ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችብኝ። በገዛ ቤቴ።

ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩወርቅ አንዲት የእስፓንኛ ቃል አታውቅም፣ ያች ልጅ አማርኛዋን ከረሳች ቆይቷል፣ እዚያ እፍኝ የሚሞላ ወሬ አይኖርም፣ አሁን ይዘጋል ብዬ ጠበቅሁ። አልተዘጋም። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ፣ አልክድም። ለቅሶ ሰማሁ። ቆይቶ ጥሩወርቅ የአራት ዓመት ሕፃን የምታጫውት ይመስል ነገር ስታንጎራጉር ሰማሁ፣ ከዚያ ሁለት ሰው ሲስቅ። አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

በሩ ሲከፈት ዓይኗ አብጧል። ስልኩን ሰጠችኝ፣ ግሏል።

«ምን ተባባላችሁ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አገባዎት?»

እውነቷን ነው። ተመልሼ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።